ኮሚሽን ሲባል የደላላ ብቻ አይደለም፦ የዲጂታል ስዕል ዋጋ ለምን ሁሌ ያጨቃጭቃል

ሰኔና ሐምሌ ሲደርስ አንድ ክርክር አለ ሁሌ የሚመለስ። የምርቃት ወቅት ነው፣ ሰው ስጦታ ይፈልጋል፣ ዲጂታል ስዕል የሚሠሩ ልጆች ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ «ኮሚሽን ክፍት ነው» ብለው ይለጥፋሉ፣ አንዱ ዋጋ ይጠይቃል፣ ሲነገረው «ለአንድ ስዕል ይሄ ሁሉ ብር? ኮምፒውተሩ አይደል እንዴ የሚሠራው?» ይላል፣ ከዛ ስክሪንሾት ይወጣል። ግማሹ ሰው ሰዓሊውን ስግብግብ ይለዋል፣ ግማሹ ደንበኛውን ሥራ የማያከብር ይለዋል፣ ትንሽ ይጦዝና ይረሳል። በሚቀጥለው ምርቃት ካቆመበት ይቀጥላል።

ስድቡን ትተን ነገሩን ብናየው ግን ጭቅጭቁ የስግብግብነት ወይ የንፉግነት ጉዳይ ብዙም አይመስልም። ሁለቱ ሰዎች የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው፣ አንዱ ስለ አንድ ፋይል፣ ሌላው ስለ ሁለትና ሦስት ቀን ሥራ፣ እና ምን እየተሸጠ እንደሆነ ብር ከመጠራቱ በፊት ቁጭ ብሎ ያስረዳ የለም።

ቃሉ ራሱ ያደናግራል

እኛ ጋ ኮሚሽን ሲባል መጀመሪያ የሚመጣልን ደላላ ነው፣ ቤት አከራይቶ ወይ መኪና አሻሽጦ የሚወስዳት ፐርሰንት። ስለዚህ «ኮሚሽን ክፍት ነው» የሚል ፖስት ስር «ስንት ፐርሰንት ነው?» የሚል ኮሜንት ቢገኝ ሰውየው እየቀለደ ላይሆን ይችላል። ሰዓሊዎቹ ቃሉን የወሰዱት ከውጭ የኦንላይን ሰዓሊዎች ነው፣ እዛ ትርጉሙ ደንበኛ አዝዞት ለሱ ብቻ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ማለት ነው። በአማርኛ ለዚህ «ትዕዛዝ» የሚባል የተጣራ ቃል አለን፣ ኬክ ቤቱም ልብስ ሰፊውም «ትዕዛዝ እንቀበላለን» ብሎ በሩ ላይ ይለጥፋል፣ ሰውም ምን ማለት እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም። በኔ ግምት ይሄ ቃል ብቻ ቢቀየር ግራ መጋባቱ በደንብ ይቀንስ ነበር።

ከቃሉ ስር ያለው ልዩነት ግን ከስም በላይ ነው። ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ምስል መቶ ጊዜ ሊሸጥ ይችላል፣ የተለፋበት ሰዓት ለመቶ ገዢ ይካፈላል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ትዕዛዝ የሚሸጠው አንዴ ነው። የእህትህን የምርቃት ስዕል ሌላ ሰው አይገዛውም፣ ስለዚህ ልፋቱን በሙሉ የምትሸፍነው አንተ ብቻ ነህ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ይመስለኛል፣ ፋይል ኮፒ ማድረግ ነጻ ስለሆነ ፋይሉን መሥራትም ነጻ የሆነ ይመስለዋል።

ከጉርድ ፎቶ እስከ ፍሬም

በብዛት ከሚታዘዙት አንዱን እንይ። ተመራቂዋ ጋውን ለብሳ ቆማለች፣ አጠገቧ ደግሞ ምርቃቷን ሳያይ ያረፈው አባቷ እንዲቆም ተፈልጓል። የሷ ፎቶ ሞልቷል፣ የአባትየው ግን አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ከድሮ የቀበሌ መታወቂያ ላይ በስልክ የተነሳ፣ ማህተሙ አገጩ ላይ ያረፈበት፣ አንድ ጆሮው በፍላሽ የነጣ። ከዚህ ተነስቶ ሙሉ ሰው ማቆም ነው ሥራው። ማህተሙ ስር ያለው አገጭ ምን ይመስል ነበር? ቁመቱስ? ከልጅቷ ይረዝማል ወይስ ትከሻዋ ጋ ነው? ሰዓሊው የአባትየውን ወንድም ፎቶ ያስልካል፣ አገጩን ከወንድሙ ይዋሳል፣ የሷ ፎቶ ከሰዓት ፀሐይ ላይ የተነሳ ከሆነ የአባትየውም ፊት ላይ ብርሃኑ በዛው በኩል መምጣት አለበት፣ አለበለዚያ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ነጠላው እንዴት እንደሚጣፋ፣ ጥለቱ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ ጋውኑ ላይ ያለው የዩኒቨርሲቲው ቀለም የቱ እንደሆነ፣ ይሄ ሁሉ ይጠየቃል።

ከዛ የመጀመሪያው ረቂቅ የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ይላካል። ልጅቷ አልቅሳ «በቃ እሱ ነው» ትላለች። በሦስተኛው ቀን፣ ቀለሙ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ አክስትየዋ ከሥራ መልስ ስልኳን ትከፍትና «ኧረ የወንድሜ አፍንጫ እንዲህ አልነበረም» ትላለች። ይሄ በሙያው ሪቪዥን ይባላል፣ የተሠራውን ተመልሶ ማስተካከል ማለት ነው። ረቂቁ ላይ ቢነገር የአምስት ደቂቃ ሥራ የነበረው አፍንጫ አሁን ጥላውን፣ ጉንጩን፣ ብርሃኑን ይዞ ነው የሚፈርሰው።

ዋጋውን እናስላው፣ ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፣ ማንም የራሱን አስገብቶ መሞከር ይችላል። እንዲህ ያለ ስዕል ከረቂቅ እስከ ማስተካከያ 16 ሰዓት ፈጀ እንበል፣ የተከፈለው ደግሞ 2,400 ብር። በሰዓት 150 ብር መጣ፣ ብዙም አይከፋም የሚል አይጠፋም። ግን ሰዓሊው በወር አምስት እንዲህ ያለ ሥራ አገኘ ብንል ገቢው 12,000 ነው። ላፕቶፑና መሳያ ታብሌቱ አንድ ላይ 90,000 ብር ወጥቶባቸው ሦስት ዓመት ቢያገለግሉ በወር 2,500 ብር እያለቁ ነው ማለት ነው፣ ኢንተርኔትና መብራት 1,500 ይጨመር። 8,000 ቀረ። ከ80 የሥራ ሰዓት ሌላ ደግሞ መልዕክት ሲመልስ፣ ዋጋ ጠይቀው ለሚጠፉ ሰዎች ሲያስረዳ፣ ፋይል ሲልክ፣ አዳዲስ ሥራ ሲለጥፍ 40 ሰዓት አለፈ እንበል። 8,000 ለ120 ሲካፈል ወደ 67 ብር ነው። 150 የነበረው ማለት ነው። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ፣ ሕመም፣ ሥራ የሌለበት ጥቅምት ምናምን ገና አልተነሳም፣ አገራችን ደግሞ ለግሉ ዘርፍ የተደነገገ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ስለሌላት «ቢያንስ ከዚህ አይወርድም» ተብሎ የሚያዝ መስመር የለም።

ሰዓት መቁጠር ራሱ ግን ሙሉ መልስ አይሆንም። በ1878 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለንደን ውስጥ ዊስለር የሚባለው ሰዓሊ ሥራውን ያብጠለጠለበትን ሀያሲ ረስኪንን ስም በማጥፋት ከሶት ነበር። ችሎት ላይ የረስኪን ጠበቃ ይሄን ስዕል በምን ያህል ጊዜ ሠራኸው ይለዋል፣ በሁለት ቀን ገደማ መሆኑ ሲታወቅ ታዲያ ለሁለት ቀን ሥራ ነው 200 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ ነው) የምትጠይቀው ሲለው፣ አይ፣ ዕድሜ ልኬን ሠርቼ ላገኘሁት እውቀት ነው የሚል መልስ ሰጠ። ሰዓሊዎች ይሄን ታሪክ ይወዱታል፣ መጨረሻውን ግን ብዙ ጊዜ አይነግሩንም። ዊስለር ክሱን አሸነፈ፣ የተፈረደለት ካሳ ግን አንድ ፋርዲንግ ነበር፣ የአንዲት ፔኒ ሩብ፣ በዓመቱም ከሰረ። አሪፍ መልስ መመለስና ተገቢውን ብር ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ዶላሩ፣ መብራቱ፣ መንገዱ

የመሳሪያው ወጪ በአብዛኛው ዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቀው ባንክ ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በባንክ ሒሳብ የ300 ዶላር መሳያ ታብሌት ከ17,000 ብር ወደ 30,000 ሄደ ማለት ነው፣ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይጨመር። እዚህ ጋ ማጋነን ግን አያስፈልግም፣ ድሮም ብዙ ዕቃ የሚገባው በጥቁር ገበያ ዶላር ስለነበር ሱቅ ላይ የታየው ጭማሪ የባንኩን ያህል አልዘለለም። ሶፍትዌሩም አለ። አዶቤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፎቶሾፕን በወርሃዊ ክፍያ ወደሚገኝ አሠራር አዙሮታል፣ ለዛ ደግሞ ውጭ የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል። ክሪታ የሚባለው የስዕል ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፣ ስልክ ላይ ኢቢስ ፔይንት በሚባል አፕ በጣት የሚሠሩ ልጆችም አሉ፣ ሥራቸውን ስታየው በጣት ነው ብትባል አታምንም።

ከዚህ ሌላ ቦታው አለ። ኪራዩ ስለሚቀል ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከጓደኛ ጋር ስቱዲዮ ተጋርቶ የሚሠራ ልጅ ኪራይ ላይ ያተረፈውን መንገድ ላይ ይከፍለዋል። ስዕሉ ዲጂታል ነው ቢባልም ደንበኛው የሚፈልገው በካንቫስ ታትሞ ፍሬም የገባውን ነው፣ ጥሩ ማተሚያ ቤት ያለው ደግሞ መሃል ከተማ ነው። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ፣ መገናኛ ላይ ሌላ ሰልፍ፣ ማተሚያ ቤት «ከሰዓት ና»፣ ከዛ ፍሬሙን በአንሶላ ጠቅልሎ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበት ላይ አስቀምጦ መመለስ፣ አንድ ሙሉ ቀን ሄደ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ላፕቶፑ ባትሪው እስከቻለ ነው፣ «ለቅዳሜ ይደርሳል» የተባለው ለሰኞ ይሆናል። ደንበኛው የሚያየው መዘግየቱን ብቻ ነው፣ እና አይፈረድበትም፣ ማን ነገረው?

ደንበኛውም እውነት አለው

የሰዓሊዎቹን ወገን ብቻ ይዞ መሄድ ቀላል ነው። ግን ብሩን ልኮ ብሎክ የተደረገ ሰው አለ። በእጅ የተሳለ ተብሎ ፎቶው ላይ ፊልተር ብቻ ተደርጎ የተላከለት አለ። የሌላ ሰው ሥራ የራሱ አስመስሎ ለጥፎ ትዕዛዝ የተቀበለም አለ። በደመወዝ የሚኖር ሰው 2,400 ብር ሲያወጣ መጠራጠሩ የሚገርም አይደለም።

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ያገለገለ መኪና ገበያን ምሳሌ አድርጎ የጻፈው ጽሁፍ እዚህ ጋ ይረዳል፣ በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ጋር ሲካፈል ዋናው ምክንያት ይሄ ሐሳብ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ነው የሚሰጠው። በዛ ዋጋ ጥሩው አያዋጣውም፣ ይወጣል። መጥፎው ይቀራል። ገዢው ደግሞ ቀጥሎ ያየው ሁሉ መጥፎ ስለሆነ ዋጋውን የባሰ ይቀንሳል። የዲጂታል ስዕል ገበያችን ወደዛ እየሄደ ይመስላል፣ በ300 ብር ፊልተር የሚሸጠውና 16 ሰዓት የሚለፋው አንድ ቴሌግራም ላይ ጎን ለጎን ናቸው፣ ደንበኛው ስልኩ ላይ በአውራ ጣቱ የምታክል ምስል እያየ ይለይ ማለት ይከብዳል።

ሰዓሊዎቹ ራሳቸው ይሄን የሚያባብሱበት አንድ ልማድ አለ፣ «ዋጋ ኢንቦክስ»። ዋጋ ከተደበቀ ደንበኛው ሰው ታይቶ ነው የሚጠራው ብሎ ያስባል፣ አንዳንዴም ልክ ነው፣ ከውጭ አገር ለሚያዝና ለሰፈር ልጅ የተለያየ ነው የሚባለው። መደበቁን የሚደግፉት ደግሞ እያንዳንዱ ሥራ ስለሚለያይ አንድ ዋጋ መጻፍ አይቻልም፣ ሌላውም አይቶ ዋጋ ቆርጦ ይገባብናል ይላሉ። የመጀመሪያው ምክንያት ከፊሉን ያስኬዳል፣ ግን «ከዚህ ይጀምራል» ብሎ መጻፍን የሚከለክል ነገር የለም። ሁለተኛው ብዙም አያሳምንም፣ ቆርጦ የሚገባ ሰው ዋጋውን ለማወቅ ኢንቦክስ መግባት አያቅተውም።

«ኤአይ በነጻ ይሠራልኛል»

አሁን የተጨመረው መከራከሪያ ይሄ ነው። በጽሁፍ ታዘው ምስል የሚያወጡ ፕሮግራሞች ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰፊው ተለቀቁ፣ ሚድጆርኒ፣ ስቴብል ዲፊውዥን የመሳሰሉት። የሚማሩት ከኢንተርኔት ከተሰበሰበ እጅግ ብዙ ምስል ነው፣ ባለቤቶቹ ሳይጠየቁ ማለት ነው፣ በዚህ ምክንያት ጥር 2023 እ.ኤ.አ. ላይ ሦስት ሰዓሊዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ ክስ መሥርተዋል።

ለሱቅ ማስታወቂያ ወይ ለዩቲዩብ ሽፋን የሆነ ምስል ብቻ የሚፈልግ ሰው ኤአይ ሊበቃው ይችላል፣ እሱን መካድ አያስፈልግም፣ ያ የሥራ ዓይነት ዋጋው መውረዱ አይቀርም። ፊደል ላይ ብዙ ጊዜ ይስታል፣ ግዕዝ የሚመስል ግን የማይነበብ ነገር ይጽፋል፣ ጥለቱንም የሌላ አገር ልብስ ያደርገዋል፣ ይሄ ግን በጊዜ ሊስተካከል ይችላል። የማይስተካከለው የአባትየው ጉርድ ፎቶ ነው። ፕሮግራሙ ማህተሙ ስር ያለውን አገጭ አያውቀውም፣ ስለዚህ ከራሱ ፈጥሮ አንድ መልከ መልካም ሰውዬ ያወጣል፣ ልጅቷም አይታ «ማነው ይሄ?» ትላለች። የሚከፈልበት ነገር መጠየቁ ነው፣ የወንድሙን ፎቶ ማስላኩ፣ ከአክስትየዋ ጋር መነጋገሩ።

«ለስምህ ይጠቅምሃል»

በነጻ ወይ በጣም በርካሽ የሚያሠሩ ሰዎች የሚሉት ይሄንን ነው፣ ፔጃችን ብዙ ተከታይ አለው፣ ስምህን እንጽፍልሃለን። አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ጀማሪ አንድ ሥራ እንዲታይለት ብሎ ቢሠራ ኪሳራ ላይሆን ይችላል። ችግሩ ስሙን መጻፍ እንደ ክፍያ መቆጠሩ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራው አመንጪ መሆንህ እንዲታወቅ መጠየቅ መብት ነው፣ መብቱም የሚገኘው ሥራው እንደተፈጠረ ነው እንጂ ምዝገባ አይጠብቅም። ያንተ የሆነን ነገር መልሶ ላንተ መክፈል ነው የሆነው።

ነገሩ ከዲጂታል በፊትም የነበረ ነው። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ ሥራቸው በየቤቱ እያለ በሙያቸው የሚሰደቡበት አገር ነው ያለነው፣ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰው ነበር። ዛሬ ሰዓሊን ማንም ጠይብ ብሎ አይሰድበውም፣ «ታዲያ ዋና ሥራህ ምንድን ነው?» ነው የሚባለው።

ቀብድ ሕግ ላይ ምንድን ነው

ቱሉ ዲምቱ ብረታ ብረት ቤት ሄዶ በር የሚያዝ ሰው ግማሹን ቀብድ ከፍሎ ነው የሚወጣው፣ ልኩን ያስለካል፣ ቀለሙን ይመርጣል፣ በሩ ከተበየደ በኋላ «በዛኛው በኩል ይከፈት» ቢል ተጨማሪ እንደሚከፍል ያውቃል። ማንም ተሰደብኩ አይልም። ስዕል ላይ ያው ሰውዬ ቀብድ ሲጠየቅ «አታምነኝም እንዴ?» ይላል። የኛ ሰው የውል ባህል የለውም የሚባለው ታዲያ እንዴት ነው? አለው፣ በሩ ላይ አለው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይደነግጋል። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ደግሞ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ሁለቱንም ነው የሚይዘው፣ ብር ተቀብሎ የሚጠፋውን ሰዓሊም፣ አሠርቶ የሚጠፋውን ደንበኛም። ቀብድና ቅድመ ክፍያ ግን አንድ አይደሉም፣ የዋጋው ከፊል ቀድሞ መከፈሉ ብቻውን ይሄን የእጥፍ ደንብ ላያመጣ ይችላል፣ ስለዚህ በቴሌብር ስትልክም ሆነ ስትቀበል «የስዕል ቀብድ» ብሎ በጽሁፍ ማስቀመጥ ዋጋ አለው። ለ1,200 ብር ፍርድ ቤት የሚሄድ እንደሌለ ግልጽ ነው። ግን ምን እንደተስማሙ የተጻፈ ነገር ካለ አብዛኛው ጠብ እዛው ቻት ላይ ያልቃል።

መጻፍ ያለበትም ብዙ አይደለም፣ ስንት ሰው እንደሚሳል፣ ረቂቁ መቼ እንደሚታይ፣ ከረቂቁ በኋላ ስንት ጊዜ ማስተካከያ በነጻ እንደሆነ፣ ሕትመትና ፍሬም ዋጋው ውስጥ አለ ወይስ የለም፣ እና ስዕሉ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ነው ወይስ ለንግድ። የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች፣ ግን ለልደት ተብሎ የታዘዘ ስዕል በኋላ ቲሸርት ላይ ታትሞ ሲሸጥ ነው ትልቁ ጠብ የሚነሳው። ለንግድ ከሆነ ሰዓሊው እየሸጠ ያለው የመጠቀም መብትም ጭምር ነው፣ ዋጋውም ይለያል።

ጥሩዎቹ ወዴት እየሄዱ ነው

ሠርቶ የተማረረ ጎበዝ ልጅ መጀመሪያ የሚያስበው የውጭ ደንበኛ ነው። እዛም ቢሆን ፋይቨር በሚባለው የኦንላይን ሥራ መገበያያ ላይ ከሥራው ዋጋ 20 ፐርሰንት ይቆረጣል፣ ድረገጹ ስሙን ያገኘው በ5 ዶላር ከጀመሩት ሥራዎቹ ነው፣ ስለዚህ ርካሽ ዋጋ የኛ ሰው ፈጠራ እንዳይመስለን። ስትራይፕን የመሰሉ የክፍያ ድርጅቶች ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠሩም፣ ብሩን ለማስገባት ውጭ ያለ ዘመድ ይለመናል። ሁለተኛው መንገድ የአገር ውስጥ ድርጅት ነው፣ የተሻለ ይከፍላል፣ ግን ደረሰኝ ይጠይቃል፣ ደረሰኝ ደግሞ ንግድ ፈቃድና ግብር ከፋይ መለያ ይፈልጋል፣ በወር አምስት ስዕል የሚሸጥ ልጅ ያን ሁሉ ከማውጣት ፈቃድ ባለው ጓደኛው ስም ማስቆረጥ ይቀለዋል፣ እሱም የራሱ አደጋ አለው። የሰፈሩን ደንበኛ ትቶ ከሄደ ደግሞ ቴሌግራሙ ላይ የሚቀረው የ300 ብሩ ፊልተር ነው።

ተመራቂዋ ግን ደረሰኝ አትጠይቅም። የምትጠይቀው ለቅዳሜ ይደርስልኛል ወይ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚወሰነው መብራት ካልጠፋ፣ አክስትየዋ ረቂቁን በስንተኛው ቀን እንዳየችው ነው።